ብላክ ሳባዝን በጅማ ዝናብ እንዴት እንደሚሰሙት

ከራሴ ስህተት ልጀምር፤ እናንተ እንዳትደግሙት። ብላክ ሳባዝ የሚባለውን የእንግሊዝ ባንድ የመጀመሪያ አልበም (ስሙም ያው ብላክ ሳባዝ ነው) መጀመሪያ ያገኘሁት ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሙዚቃ የሚጭን አንድ ልጅ ጋ ነው። ሚሞሪ ካርዴን ሰጠሁት፣ «ብላክ ሳባዝ፣ የመጀመሪያው» አልኩት፣ እሱም «ሮክ» ከሚል ፎልደር ውስጥ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ጫነልኝ። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ በስልኬ ስፒከር ከፈትኩት። ስልኬ ዘፈኖቹን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ደርድሯቸዋል። ሦስተኛው ዘፈን አንደኛ ሆኖ መጣ፣ የአልበሙ በር የሆነው ዘፈን ሁለተኛ ሆነ፣ ቤዙ ደግሞ ጭራሽ የለም። «ዓለምን ገለበጠ የተባለው ይሄ ነው እንዴ?» ብዬ አጠፋሁትና ሁለት ዓመት ሙሉ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ሁለተኛው ሙከራ ሐምሌ ላይ ነው። ጅማን ለሚያውቅ ሰው የሐምሌን ነገር መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። መብራት ሄዷል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ከቤት መውጣት የለም። ሄድፎን ሰካሁና በዚህኛው ጊዜ ከትክክለኛው ዘፈን ጀመርኩ። ዝናብ ይሰማል። ቀጥሎ ነጎድጓድ። ከዚያ ከሩቅ ደወል። ዝናቡ የውጪው ይሁን የውስጡ መለየት አቅቶኝ ሄድፎኑን አወለቅኩት። መልሼ አጠለቅኩት። ወዲያው ጊታሩ እንደ ግንድ ወደቀ፣ እኔም አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሳልንቀሳቀስ አለቀ።

ይህ ጽሑፍ ያንን ሁለተኛ ሙከራ የመጀመሪያችሁ እንድታደርጉት ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ። ሄቪ ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ከየት ጀመረ ሲባል ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደዚህ አልበም ነው። ከእነሱ በፊት ጊታር የሚያስጮህ አልነበረም ማለት አይደለም። ክሪም የሚባለው ባንድ ነበር፣ ጊታሪስቱ ሄንድሪክስ ነበር፣ ሌድ ዜፕሊን የሚባሉትም በ1969 ሁለት አልበም አውጥተው ነበር። ግን ክብደቱን፣ ጨለማውንና ቀርፋፋነቱን አንድ ላይ አስረው የመጡት እነዚህ ናቸው። ኦዚ ኦዝቦርን ይዘፍናል፣ ቶኒ አዮሚ ጊታር፣ ጊዘር በትለር ቤዝ፣ ቢል ዋርድ ድራም። አራቱም በርሚንግሃም ውስጥ አስቶን የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ሰፈር ልጆች ናቸው። አስቶንን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት የምትከራከሩበት አስቶን ቪላ የዚያ ሰፈር ቡድን ነው።

አልበሙን ለንደን ውስጥ በኦክቶበር 1969 በአንድ ቀን ቀዱት። አንድ ቀን! ክለብ ለክለብ እየዞሩ ሲጫወቱት የነበረውን ስቱዲዮ ገብተው እንዳለ ተጫወቱት፣ አለቀ። የወጣው አርብ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ነው። ፈረንጆች አርብ ከ13 ጋር ከገጠመ ገደ ቢስ ነው ይላሉ። በእኛ የካቲት 6 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር፤ ለጅማ ሰው የጁምዓና የጾም ቀን የሆነ ተራ አርብ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ አምሃ እሸቴ በአምሃ ሪከርድስ ሸክላ ማሳተም ጀምሮ ነበር፤ አባቶቻችን እሱን እየጨፈሩ ስለነበር የበርሚንግሃም ልጆችን ባይሰሙም አይፈረድባቸውም።

አሁን ወደ ሥራ። መጀመሪያ ትክክለኛውን አልበም ያዙ። የእንግሊዙ እትም ሰባት ዘፈን አለው፣ ተራውም ይሄ ነው፦ ብላክ ሳባዝ፣ ዘ ዊዛርድ፣ ቢሃይንድ ዘ ዎል ኦፍ ስሊፕ፣ ኤን.አይ.ቢ.፣ ኢቭል ዉመን፣ ስሊፒንግ ቪሌጅ፣ ዎርኒንግ። የአሜሪካው እትም ላይ ኢቭል ዉመን ወጥቶ ዊክድ ወርልድ የሚባል ገብቷል። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አሜሪካኖቹ አንዳንድ ዘፈኖችን አያይዘው አንድ አድርገዋቸዋል፣ ለመግቢያዎቹ ደግሞ ዋስፕ፣ ቤዚካሊ፣ ኤ ቢት ኦፍ ፊንገር የሚል ስም ሰጥተዋቸዋል። ስለዚህ ያወረዳችሁት አልበም አምስት ዘፈን ብቻ ሆኖ ስሞቹ እንደ ባቡር ተቀጣጥለው ብታዩ ጎደለብኝ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ያው ነው። በፍላሽ ወይም በሚሞሪ የምታስጭኑ ከሆነ ግን ቤት እንደገባችሁ የፋይሎቹን ስም ቀይሩና ፊታቸው ላይ 01፣ 02 እያላችሁ ቁጥር ጻፉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔን ሁለት ዓመት ያስከፈለኝ ይሄ ነው።

በኢንተርኔት የምትሰሙ ከሆነ ቀድማችሁ አውርዱት። ዎርኒንግ መሃል ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚሰማው ንዴት ከአልበሙ ይብሳል። በዘፈቀደ የሚያዘዋውረውን ምልክት አጥፉ። ሲያልቅ በራሱ ሌላ ነገር የሚከፍተውንም አጥፉ፤ ከዎርኒንግ መጨረሻ ቀጥሎ የማላውቀው ሰው ቢት ጭኖ ሲጮህብኝ የደነገጥኩትን እናንተ አትደንግጡ።

ዕቃውስ? የስልክ ስፒከር አይሆንም፣ በቃ። የዚህ አልበም ግማሹ ቤዝ ነው፣ ስልክ ደግሞ ቤዝ አያወጣም። መርካቶ የሚሸጥ ርካሽ ሄድፎን ከውድ ስልክ ይሻላል። ትልቅ ስፒከር ካላችሁ ደስ ይላል፤ ኢኮላይዘሩን ግን ወደ መሃል መልሱት። እኛ ሀገር የተለመደው ቤዙንም ትሬብሉንም እስከ ጥግ መግፋት ነው፣ ያኔ የጊታሩ ሥጋ ከመሃል ይጠፋና ጭርጭርታና ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል። መሃሉን አትንኩት። አዮሚ ያለው እዚያ ነው።

ሰዓቱን ምረጡ። ማታ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ቢቻል መብራት ሄዶ። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ሞክሬዋለሁ፣ አይሆንም፤ ውጪ ፀሐይ እያንቃቃ ውስጥ ነጎድጓድ ሲሰማ ሰው ያስቃል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር፣ ወደ ስሙ። ጥቁር ሰንበት ማለት ነው። ሽፋኑ ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት አሮጌ የውኃ ወፍጮ ፊት ለፊት ቆማለች፣ ዛፉም ሳሩም ቀለሙ የታመመ ይመስላል። ቦታው ኦክስፎርድሺር ውስጥ ያለ ሜፕልደርሃም የሚባል ወፍጮ ነው፣ ቀለሙ እንዲያ የሆነው በኢንፍራሬድ ፊልም ስለተነሳ ነው። እናቴ ስልኬ ላይ አየችው። «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ።

ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ልጆቹ በፊት ኧርዝ ይባሉ ነበር፤ በዚያ ስም ሌላ ባንድ ስላለ ቀየሩት። አዲሱን ስም ከአንድ አስፈሪ ፊልም ነው የወሰዱት፤ ሰው ለመፍራት ገንዘብ ከፍሎ መሰለፉ ገርሟቸው፣ እኛስ የሚያስፈራ ሙዚቃ ብንሠራ አሉ። የመጀመሪያው ዘፈን ግጥም ሰይጣንን አያወድስም። ፊቱ ጥቁር ነገር የቆመበት ሰው ነው፣ ደንግጦ አምላክን እርዳኝ እያለ ይጮኻል። ሐሳቡ የመጣው ጊዘር አንድ ሌሊት ከአልጋዬ ግርጌ ጥቁር ነገር ቆሞ አየሁ ብሎ ለኦዚ ስለነገረው ነው፤ ጊዘር ደግሞ በካቶሊክ ቤት ያደገ ልጅ ነው። የኦዚ አባት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነበርና መስቀል ሠርቶላቸው አንገታቸው ላይ ያደርጉ ነበር። የሸክላው ሽፋን ውስጥ የተገለበጠ መስቀል ያስገባው ኩባንያው ነው፣ እነሱን የጠየቃቸው የለም፣ ደስም አላላቸው። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ በሰንበት ስም ምን አስነካቸው?» አለች።

መልስ የለኝም። ስለዚህ ምክሬ፣ በሄድፎን ስሙት። በስፒከር ከሆነ ደግሞ አዛን ሲል አቁሙት፣ እሁድ ጠዋት አትክፈቱት፣ ጎረቤት ለቅሶ ካለ ጭራሽ አታንሱት። የሰፈር ሕግ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

እሺ፣ ከፈታችሁ። ዝናብ፣ ነጎድጓድ፣ ደወል። እነዚህ በኋላ ላይ የተጨመሩ ድምፆች ናቸው። ከዚያ ጊታሩ ሲገባ ሌላውን ሁሉ ተዉና ቁጠሩ። አንድ፣ ወፍራም። ሁለት፣ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ። ሦስት፣ እዚህ ላይ ይቆምና ይንቀጠቀጣል። እንደገና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የዘፈኑ ትልቁ ክፍል በእነዚህ ሦስት ድምፆች ላይ ነው የቆመው። እንዲህ እየተመላለሰ ዘፈኑን የሚሸከም አጭር የጊታር ሐረግ ሪፍ ይባላል። ሪፍ የሚለውን ቃል ያዙ፣ ሄቪ ሜታል ውስጥ ዜማው ራሱ እሱ ነው።

ሙዚቀኛ ጓደኛ ካላችሁ ድምፆቹ ጂ፣ ከፍ ያለው ጂ፣ ሲ ሻርፕ ናቸው በሉት። በጂና በሲ ሻርፕ መካከል ስድስት ግማሽ ድምፅ አለ። ፈረንጆች ይህን ርቀት ትራይቶን ይሉታል፣ ድሮ ደግሞ «ዲያብሎስ በሙዚቃ ውስጥ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ቤተ ክርስቲያን አግዳው ነበር የሚለው ግን የተጋነነ ወሬ ነው። ልጆቹም ከመጽሐፍ ቆፍረው አላወጡትም። ጊዘር የሆልስትን «ማርስ» የሚባል የኦርኬስትራ ሥራ ወድዶ በቤዙ ሲሞካክር ነበር፣ በማግስቱ አዮሚ ይህን ሪፍ ይዞ መጣ።

እዚህ ላይ የኛ ጆሮ ከፈረንጅ ጆሮ ይለያል። አትመኑኝ፣ ሞክሩት። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ አውርዱ። ጂን ንኩ፣ ከዚያ ጥቁርም ነጭም ሳትዘሉ ወደ ቀኝ ስድስት ቁልፍ ቁጠሩና ስድስተኛውን ንኩ። ይሰቀጥጣል፣ አይደል? አሁን ደግሞ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ተመለሱ። ምን ሰማችሁ? አንቺሆዬ! ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው። ያ ፈረንጅ ዲያብሎስ ያለው ርቀት እኛ ጋ ቅኝት ውስጥ ተመቻችቶ ተቀምጧል። አዮሚ አንቺሆዬ ሰምቶ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት። እኔ የምለው ጆሯችን ለዚህ አልበም ከሚመስለን በላይ ዝግጁ ነው።

ቀርፋፋነቱም እንደዚሁ። አዲስ ሰሚ ሜታል ሲባል ሩጫ ይጠብቃል። ይሄ ግን ይጎተታል፣ በድምፆቹ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ያስፈራል። ወደ መጨረሻው ድንገት ይፈረጥጣል። ያ ሩጫ የሚጥመው ቀድሞ የነበረውን ዘገምተኛ ጉዞ ከታገሣችሁ ብቻ ነው፤ ሩጫውን ፍለጋ በጣታችሁ ወደፊት ከገፋችሁት ምንም አታገኙም።

ስለ ጊታሩ ሻካራነትም አንድ ነገር ልበል፣ በተለይ «ስፒከሩ ተቀዷል» ለሚሉ ዘመዶቼ። በገና አስቡ። የበገና አውታር ብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል፤ ያንን ደረት ውስጥ የሚገባ ንዝረት የሚሰጠው ያ ቆዳ ነው። ቆዳውን አውጡት፣ ድምፁ ጥርት ይላል፣ ግን በገና አይሆንም። አምፕሊፋየርም ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ጥርት ያለውን የጊታር ድምፅ ያነዝረዋል፣ ያወፍረዋል። በዐቢይ ጾም የሚደረደረውን ከዚህ ጋር አወዳደርክ ብላችሁ እንዳትቆጡኝ። የማወራው ስለ ድምፁ ብቻ ነው።

ዘ ዊዛርድ በሃርሞኒካ ይጀምራል፣ የሚነፋው ኦዚ ነው። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ለቢል ዋርድ ስጡት። ጃዝ እየሰማ ያደገ ድራመር ነው፣ ምት ብቻ ጠብቆ አይቀመጥም። ጊታሩ አንድ ሐረግ ተናግሮ ባረፈ ቁጥር እሱ ይመልሳል፣ ልክ አዝማሪ ግጥም ጥሎ ተቀባይ እንደሚያነሳው። ይህን አንዴ ከያዛችሁት በኋላ ብዙ የዛሬ ሜታል ድራመር እንደ ማሽን ይመስላችኋል። እኔ ላይ ይህ ደርሶብኛል፣ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ሦስተኛው ዘፈን ጥሩ ነው፣ ይለፍ።

አራተኛው፣ ኤን.አይ.ቢ.፣ ቤዙን ብቻውን አስቀድሞ ይመጣል። ጊዘር ዋ ዋ የሚል ድምፅ የሚያወጣ ፔዳል እየረገጠ የሚጫወተው ነው። በስልክ ስፒከር የሚሰማ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ዘፈኑ የተቋረጠ ይመስለዋል። ከዚያ ሪፉ ሲገባ ጊዘርና አዮሚ አንድ ነገር አብረው ይጫወታሉ፣ ሁለት ሰው አንድ ግንድ ትከሻ ለትከሻ ሲሸከም በሉት። ጊዘር ቤዝ ከመያዙ በፊት ጊታር ይጫወት ነበር፤ ለዚህም ይመስለኛል ከኋላ መከተል የማይወደው። ይህን ዘፈን ሁለቴ ስሙት፣ አንዴ ጊታሩን፣ አንዴ ቤዙን ብቻ እየተከተላችሁ። ስሙን በተመለከተ ሰው ብዙ የሰይጣን ትርጉም ሰጥቶታል። እውነቱ የቢል ዋርድ ጢም ነው። የብዕር ጫፍ ስለሚመስል ኒብ አሉት፣ ከዚያ በፊደሎቹ መሃል ነጥብ አስገቡበት፣ ሰውም ጉድ አለ። ግጥሙ ውስጥ ሰይጣን አለ፣ አዎ፤ ሴት አፍቅሮ እየተለሳለሰ።

ጀበና መጣድ ከፈለጋችሁ አምስተኛው ላይ ተነሱ። ኢቭል ዉመን የራሳቸው ዘፈን አይደለም፣ ክሮው የሚባል የአሜሪካ ባንድ ነው የሠራው፣ እነዚህ ላይ ሲሆን የተዋሱት ልብስ ይመስላል። አልወደውም።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ግን ቁጭ ብላችሁ። ስሊፒንግ ቪሌጅ አጭር ነው፣ ከዚያ ዎርኒንግ ይመጣል። እሱም የሌላ ባንድ ዘፈን ነው፣ የአይንስሊ ደንባር፤ ግን ወስደው ከአሥር ደቂቃ በላይ አደረጉት። መሃሉ ላይ ዘፋኙ ይጠፋና አዮሚ ብቻውን ይቅበዘበዛል፣ አንዴ ብሉዝ፣ አንዴ ጃዝ፣ አንዴ ስም የሌለው ነገር። ሰው የሚሰለቸው እዚህ ነው። እኔም ሰልችቶኝ ያውቃል። አንድ ዘዴ አለኝ፦ እዚህ ቦታ ስደርስ እጁን አስባለሁ።

የእጁ ታሪክ ይሄ ነው። አዮሚ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ ብረት ፋብሪካ ተቀጥሮ ብየዳ ይሠራል። ከአንድ ባንድ ጋር ጉዞ ስላገኘ ሥራውን ለቀቀ፣ የመጨረሻ ቀኑ ነው። ምሳ ሊበላ ቤቱ ሄደ፣ አልመለስም አለ። እናቱ «ሂድና ሥራህን በደንብ ጨርስ» ብላ መለሰችው። ከእሱ በፊት ባለው ማሽን ላይ የምትሠራው ሴት በዚያ ቀን አልመጣችም ነበርና ከዚያ በፊት ነክቶት የማያውቀው ማሽን ላይ አቆሙት። ማሽኑ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ወሰደው፣ የመሃል ጣቱንና የቀለበት ጣቱን። ግራኝ ስለሆነ አውታር የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነው። አለቀለት ማለት ነው።

ያኔ የፋብሪካው አለቃው ሸክላ ይዞለት መጣ፤ እጁ በእሳት ተጎድቶ በሁለት ጣት ጊታር ይጫወት የነበረውን የጃንጎ ራይንሃርትን። አዮሚ ሰማና ተነሳ። የሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ላዩ ላይ ከአሮጌ ጃኬት የቆረጠውን ቆዳ ለጠፈበት። ወፍራም አውታር ስለሚያመው ቀጭን ፈለገ፣ ለጊታር የሚሸጥ ቀጭን ስላልነበረ የባንጆ አውታር አሰረ። በሁለት ድምፅ የሚጨርሰው ወፍራም ሪፍ፣ የሚጎተተው ጣት፣ ያ ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ይህን ታሪክ ለአጎቴ ነገርኩት። አጎቴ ኮቺ በኩል አሸንዳ ይሠራል፤ ጅማ ውስጥ አሸንዳ ሠሪ ሥራ አያጣም። እጁ ላይ ቆርቆሮ ያልቆረጠው ቦታ የለም። የመጀመሪያውን ዘፈን ከፍቼለት ነበር፣ ሙዚቃው ብዙም አልገረመውም። የጣቱን ነገር ስነግረው ግን መዶሻውን አስቀመጠ።

«ማሽኑ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ ፕሬስ ነው አሉ። በእግር የሚረገጥ።»

«የሚያጥፍ ነዋ።» ጣቶቹን ዘረጋና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጣቸው፣ በሌላው እጁ ከላይ እንዴት እንደሚወርድ አሳየኝ። «ሰው እጁን የሚስበው ደንግጦ ነው። ባይስበው ይጨፈልቀው ነበር እንጂ አይቆርጠውም ነበር።» ከዚያ ዘፈኑን መልሰህ ክፈተው አለኝ። በዚህኛው ጊዜ ዝም ብሎ ሰማ፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር፣ ስልኩ ላይ የሚታይ ነገር ባይኖርም።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ። አልበሙ ሲወጣ ጋዜጠኞች አልወደዱትም። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ላይ የክሪም ደካማ ግልባጭ አድርገው ነው የጻፉባቸው። ሰው ግን ገዛው፤ እንግሊዝ 8ኛ፣ አሜሪካ 23ኛ ደረጃ ደረሰ። ተጽዕኖውን ከመጻሕፍት ለማወቅ አትድከሙ፣ በጆሮ መከተል ይቻላል። ዘዴው ያን ባለ ሦስት ድምፅ ሪፍ በአእምሯችሁ ይዛችሁ ሌላ ባንድ ውስጥ መፈለግ ነው።

ጉተታው ከጣማችሁ የስዊድኖቹን የካንድልማስን የ1986 የመጀመሪያ አልበም ክፈቱ። ከዚህ አንድ ዘፈን ብቻ ዱም ሜታል የሚባል ሙሉ ሙዚቃ እንደተወለደ እዚያ ትሰማላችሁ። በዘፈኑ መጨረሻ ያለው ሩጫ ከጣማችሁ ደግሞ ሜታሊካ አለላችሁ፤ ብላክ ሳባዝ በ2006 ሮክ ኤንድ ሮል ሆል ኦፍ ፌም የሚባለው የዝነኞች መዝገብ ውስጥ ሲገቡ መድረክ ላይ ወጥተው ያስገቧቸው እነሱ ናቸው። የከተማቸውን ልጆች መስማት ከፈለጋችሁ ጁዳስ ፕሪስትን፤ በዚህ አልበም ላይ የድምፅ መሐንዲስ የነበረው ቶም አሎም በ1980ዎቹ የእነሱ ፕሮዲውሰር ሆነ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ግን ቸኩላችሁ አትለፉ፣ በሳምንት አንድ ይበቃል።

ከሁሉ በፊት የራሳቸውን ተከታይ ሁለት አልበሞች። በዚያው በ1970 ፓራኖይድ፣ በ1971 ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ። ሁለተኛው ላይ አዮሚ ብዙ ቦታ አውታሩን በአንድ ተኩል ድምፅ አላልቶታል። ሲላላ ጣቱን አያመውም፣ ድምፁም ይወፍራል። ዛሬ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ የሚቃኝ ሜታል ባንድ ሁሉ ያን የላላ አውታር ወርሷል።

እኛ ጋ ከመጣችሁ ጃኖ ባንድን ስሙ፣ ኤርታሌ የሚለውን አልበም። ብላክ ሳባዝን አይመስሉም፤ ግን የሚነዝር ጊታርና የሀገር ቅኝት አንድ ቤት ሲያድሩ ምን እንደሚሆን ያሳያችኋል። ቦትስዋና ውስጥ ደግሞ ቆዳ ለብሰው ሜታል የሚጫወቱ ባንዶች አሉ፣ ፎቶአቸውን ፈልጋችሁ እዩ፣ ያምራሉ።

አራቱ ለመጨረሻ ጊዜ አብረው የተጫወቱት ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ በዚያው በሰፈራቸው፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም። ኦዚ መቆም ስላልቻለ ዙፋን መሰል ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ከተጫወቷቸው አራት ዘፈኖች አንዱ ከዚህ አልበም ነበር፣ የቢል ዋርድ ጢም። ሐምሌ 15 ኦዚ አረፈ።

ዜናውን ያየሁ በማግስቱ አጎቴ ሥራ ቦታ ሄድኩ። ዝናብ ነው፣ በሩ ላይ የሠራቸው አሸንዳዎች ተደርድረው ውኃው ላያቸው ላይ ይንጠባጠባል። ነገርኩት።

«የሞተው ያ ጣቱን ያጣው ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ዘፋኙ ነው።»

«ጣቱን ያጣውስ?»

«አለ።»

«እሺ» አለኝና መቀሱን አነሳ። «ክፈተው እስቲ።»